የአበባው ውሃ

ጥቅምት 5፣ ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ አሮጌ መዝገብ ስፈልግ ዋልኩ። አቧራው አፍንጫዬን ዘግቶታል። አለቃዬ አቶ ገብረጊዮርጊስ «እንዳለች፣ አንቺ ባትኖሪ ይሄ መዝገብ ቤት ምን ይውጠው ነበር» አሉኝ። ሁሌ ይላሉ። ሁሌ ደስ ይለኛል…

ከፍርድ ቤቱ እስከ ቤት አሥራ ሁለት ደቂቃ በእግር። ከዚያ አራት ፎቅ። በሩን ስከፍት ሽታው ተቀበለኝ። እማ አንሶላዋን አርጥባለች። አገላበጥኩ፣ አጠብኩ፣ ቀየርኩ። አንድም ቃል አልተናገረችም። ስትሮክ ከመታት ዓመት ተመንፈቅ ሆናት። ቀኝ ጎኗ አይሠራም። ምላሷ ቢተሳሰርም ስትፈልግ ታወራለች። ከእኔ ጋር አትፈልግም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ከሐዋሳ የመጣ ሹፌር ነው። ወንድሜ ባሮክ የቀለም ባልዲ ልኳል፣ ባልዲው ውስጥ ተክል። እሱ የሚሠራበት ሆቴል ግቢ ውስጥ የበቀለ ነው አለ ሹፌሩ። ቅጠሎቹ ወፍራምና ደረቅ፣ ጠርዛቸው እንደ መጋዝ እሾሃም። ክብ ሆነው ተደራርበው መሃላቸው ላይ ጎድጓዳ ሠርተዋል። የጎድጓዳው ዙሪያ ቀይ ነው፣ ደም የመሰለ። ወረቀት ተለጥፎበታል፦ «ለእማዬ። ፀሐይ ትወዳለች፣ መስኮቱ ጋ አድርጉላት። ባሮክ።»

አድርጉላት… ለማን ነው የጻፈው? እዚህ ቤት ከእኔ ሌላ ማን አለ?

እማ አየችው። በግማሽ ፊቷ ፈገግ አለች። «ልጄ» አለች። ጥርት አድርጋ።

በዓመት ተመንፈቅ ስንት ጊዜ አጥቤያታለሁ? ያንን ቃል ምላሷ የረሳው መስሎኝ ነበር።

ቤታችን ፀሐይ የሚገባበት አንድ መስኮት ነው ያለው፣ የእሷ ክፍል መስኮት። በርጩማ አምጥቼ ከራስጌዋ በስተግራ አስቀመጥኩት። በሚሠራው እጇ በኩል። እንድትነካው።

ጥቅምት 8፣ አርብ

ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጠውን ዱሬሳን ጠየቅኩት። ፎቶውን ስልኬ ላይ አሳየሁት።

«የአናናስ ዘመድ ነው» አለ። «እህቴ፣ ይሄ እንደ ሌላው አይደለም። በሥሩ ብዙ አይጠጣም። መሃሉ ላይ ጎድጓዳ አለ አይደል? አፉ እሱ ነው። እዚያ ውስጥ ውሃ አይጥፋ። አፈሩን አታጨቅዪው፣ ይበሰብሳል። ፀሐይ ካገኘ ይቀላል፣ ካጣ ይገረጣል።»

«ያብባል?»

«አንዴ። አንዴ ያብብና እናቲቱ ቀስ እያለች ትሞታለች። ከጎኗ ልጅ ታወጣለች ግን። ችግር የለውም።»

ችግር የለውም አለ…

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

ዛሬም እርጥብ። በዚህ ሳምንት ሦስተኛው። አራተኛ ፎቅ ላይ ውሃ የሚወጣው ማክሰኞና ቅዳሜ ብቻ ነው። በርሜሉ ተጋምሷል። ዳይፐሩ ቆዳዋን አቁስሎት ትቼዋለሁ። አንሶላ ስጠምዝ አንጓዬ ያመኛል። ከሥራ መጥቶ ማጠብ፣ ከማጠብ ተነስቶ ማብሰል፣ ከማብሰል ተነስቶ ማጉረስ…

የምትጠጣውን ብቀንስስ?

ጠዋት አንድ ስኒ ሻይ። ከዚያ ማታ እስክመጣ ምንም። የአሥር ሰዓት ጊዜ ናት፣ ብትበዛ አሥራ አንድ። ሰው ይጾም የለ?

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

ጎረቤቴን ሰሚራን አነጋገርኳት። ቤቷ ውስጥ ልብስ ስለምትሰፋ ቀን ቀን አለች። ቁልፍ ሰጥቻታለሁ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ገብታ ለእማ ምሳ ታሞቃለች። ዘመዳችን አይደለች፣ ምንም አድርገንላት አናውቅም። ዝም ብላ ታደርገዋለች።

«ሐኪሙ ውሃ ከልክሏታል» አልኳት። «ስትውጥ ወደ ሳንባዋ ይገባል አለ። ምሳዋን ብቻ ስጫት። የሚጠጣውን እኔ በማንኪያ እሰጣታለሁ።»

«እሺ እንዱዬ። ጠማኝ ካሉኝስ?»

«ትላለች። አትስሚያት።»

እንዲህ ይቀላል እንዴ መዋሸት? ሐኪም የሚባል ሰው ካየን ሰባት ወር ሆኖናል።

ሰባት ዓመቴ ነበር። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር እንኖር በነበረበት ቤት። አልጋ ላይ ስለምሸና እማ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ውሃ አትሰጠኝም ነበር። ኩባያዎቹን ቆጥራ ሣጥን ውስጥ ትቆልፋለች። የረጠበ ጨርቅ እጠባ ነበር፣ የወለል መወልወያውን ሁሉ። ያም ሆኖ ከሸናሁ አንሶላውን በር ላይ ትሰቅለዋለች፣ የሰፈር ልጅ እያየ እንዲያልፍ። ባሮክ እስከ ስድስት ዓመቱ ሸንቷል። የእሱ ፍራሽ ጓሮ ነበር የሚሰጣው።

እኔ ምን አዲስ ነገር ፈጠርኩ?

ጥቅምት 21፣ ሐሙስ

አራት ቀን አንሶላው ደረቅ። ዛሬ ተቀምጬ ራት በላሁ።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ተክሉ ቀልቷል። ጠዋት ፀሐዩ ሲያርፍበት ከውስጥ የበራ ይመስላል። ደረቅ ቅጠል ቆረጥኩለት፣ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩለት፣ አንድ በአንድ። እጄን ሁለት ቦታ ወጋኝ። ባልዲውን በየሳምንቱ ትንሽ ማዞር ነው፣ አለበለዚያ ወደ ብርሃኑ ይጋደላል። ባሮክ ስለላከው ልጠላው ነበር ያሰብኩት… አልሆነልኝም።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ጎድጓዳውን ጠዋት እሞላለሁ፣ ማታ ስመጣ ባዶ ነው። ዱሬሳን ጠየቅኩት። «በዚህ ብርድ እንዲህ ቶሎ አይደርቅም» አለ። «ቅጠሉ ተሰንጥቆ እንዳይሆን።»

ብርሃን አስጠግቼ አየሁ። አልተሰነጠቀም።

ፀሐዩ ይሆናል።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

ማታ ስመጣ እማ ቀድማ አወራችኝ። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል።

«ጠማኝ።»

ጫማዬን አወለቅኩ። ቦርሳዬን ሰቀልኩ። ውሃ በብርጭቆ ቀዳሁና ወንበር ስቤ ከፊቷ ተቀመጥኩ።

«ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ውሃ የለም» አልኳት። «ታስታውሻለሽ? ማን ነበር እንዲህ የሚለው?»

አየችኝ። አልቅሳ ይቅርታ ብትለኝ ምን አደርግ ነበር? ብርጭቆው እጄ ላይ ነበረ። እሰጣት ነበር። ሁሉንም እተወው ነበር፣ እውነቴን ነው።

ግማሽ አፏ ተጣመመ። ሳቅ መሆኑን ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ።

«ሽንታም» አለች። «አንቺ… ሽንታም።»

አርባ አራት ዓመቴ ነው። ፊቴ ጋለ፣ ያኔ እንደሚግለው። ውሃውን ራሴ ጠጣሁት፣ ፊት ለፊቷ ቆሜ። ቀስ ብዬ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ኅዳር ሲታጠን ነው። ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻ እያቃጠለ ጭሱ አራተኛ ፎቅ ደረሰ። የእማን መስኮት ዘጋሁ። አሳላት። ለተክሉ ነው የዘጋሁት።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

ከሰዓት በኋላ ችሎት ስለሌለ ቀደም ብዬ ወጣሁ። ቤት ስገባ ጫማዬ ድምፅ የለውም። የእማ ክፍል በር ገርበብ ብሏል።

ግራ እጇ ተክሉ ውስጥ ነበር። የነጠላዋን ጫፍ ጎድጓዳው ውስጥ ትነክራለች፣ ታወጣለች፣ አፏ ውስጥ ከታ ትመጠዋለች። ደግማ ትነክራለች። ስትነክር እሾሁ ክንዷን ይጭራታል። እጇን እያሸሸች፣ እያዞረች… ለምዳዋለች። የት ጋ እንደሚወጋ፣ የት ጋ እንደማይወጋ ታውቀዋለች።

ስንት ቀኗ ነው? ከጥቅምት ጀምሮ?

ሦስት ጊዜ ስትነክር አየሁ። አራተኛውን አላየሁም። በጣቴ ጫፍ ተመልሼ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ቆየሁ። ከዚያ ቁልፉን እያንቃጨልኩ፣ በሩን በድምፅ ከፍቼ ገባሁ፣ ገና የመጣሁ መስዬ። ነጠላዋን ተሸፍናለች፣ እጇ ብርድ ልብስ ውስጥ ነው።

«ደህና ዋልሽ?» አልኳት።



ምን ማድረግ ነበረብኝ? አየሁሽ ብላት ታፍራለች… አይ። እሷ እንድታፍር አይደለም የፈራሁት። አየሁሽ ካልኩ ውሃ መስጠት አለብኝ። ሰሚራ ጋ ሄጄ ዋሽቼሻለሁ ማለት አለብኝ።

ጎድጓዳውን ሞላሁት። እስከ አፉ። እንግዲህ ውሃ አላት።

ታኅሣሥ 8፣ ማክሰኞ

ቅጠሎቹ ሥር ነጭ ነገር አየሁ፣ የተበጣጠሰ ጥጥ የመሰለ። ስነካው ይንቀሳቀሳል። ልቤ ደነገጠ፣ ሰው የታመመብኝ ይመስል።

ዱሬሳ ጋ ሄድኩ። በባዶ የውሃ ፕላስቲክ ትንሽ መድኃኒት ቀዳልኝ።

«ስሚኝ እህቴ፣ ይሄ ጠንካራ ነው። ቤት ውስጥ እንዳትረጪ። ጓንት አድርጊ። ጎድጓዳው ውስጥ ይጠራቀማል። ሦስት ቀን አቆይተሽ ገልብጠሽ ድፊው፣ አምስት ስድስት ጊዜ እጠቢው፣ ከዚያ ንጹሕ ውሃ። ልጅ አለ ቤትሽ?»

«ልጅ የለም» አልኩት።

ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ

ደረጃው መውጫ ላይ አውጥቼ ረጨሁት። ምናልባት አበዛሁት፣ ጎድጓዳው ሞላ። ሽታው ይከረፋል። እዚያው ተውኩት።

እማ ቀኑን ሙሉ በርጩማውን ታያለች። ባዶ ነው። «አበባዬ» ትላለች። «አበባዬ… የት?»

«ታማለች። ስትድን ትመጣለች።»

ማታ ውሃ ሰጠኋት፣ ሙሉ ብርጭቆ። ለምን እንደሰጠኋት አላውቅም። በሁለት ትንፋሽ ጨረሰችው።

ታኅሣሥ 14፣ ሰኞ

አበባውን ቦታው መለስኩላት። ሦስት ቀን ሳይሞላ። ብርድ እየመታው ጫፉ ጠቁሯል፣ ፀሐይ ያስፈልገዋል። ጠዋት ጠዋት ያለችዋ ፀሐይ አታምልጠው።

ለሦስት ሰዓቱ ችሎት መዝገብ ማድረስ አለብኝ።

ታኅሣሥ 16፣ ረቡዕ

ሆስፒታል ነኝ። ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር። ልጻፈው። ለሌላ ለማን እነግረዋለሁ?

ሰኞ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሰሚራ ደወለች። «እንዱዬ፣ እማማ… ነይ፣ ቶሎ ነይ።» ስደርስ ከአፏ አረፋ ይወርዳል፣ ላብ አጥምቋታል፣ የፊቷ ጡንቻ ብቻውን ይዘላል። ሰሚራና የታች ቤቱ በከር በብርድ ልብስ ተሸክመው አወረዷት። ሰሚራ ቤቱ አለመቆለፉ ትዝ ብሏት ተመለሰች፣ እኔ በታክሲ ይዣት መጣሁ።

ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ደረቷ ላይ ኑኃሚን ይላል። የእማን ዓይን በባትሪ አየችና ወደ እኔ ዞረች።

«ቤት ውስጥ ፀረ ተባይ አለ? የአይጥ መርዝ፣ የበረሮ መድኃኒት… ማንኛውም ዓይነት?»

«የለም።»

«እርግጠኛ ነዎት? ምልክቱ የእሱ ነው። ምን እንደወሰዱ ካወቅን ጊዜ አናባክንም።»

«የለም» አልኩ። ሁለተኛ ጊዜ።

ግድግዳው ላይ ሰዓት ነበር። ሰባት ከአሥር። ጉሮሮዋ ውስጥ ቱቦ ከተቱ። ደም ወሰዱ። እማ ግን ታየኝ ነበር። ዓይኗ ትንሽ ሆኗል፣ ያም ሆኖ እኔ ላይ ነው። መዝገብ ቤት ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ። እንዲህ ያለ ነገር የሚጻፍበትን ዶሴ በእጄ ይዤ አውቃለሁ። ስሜን በቀይ መስመር ሥር አየሁት። የማስበው እሱን ነበር። እናቴ እየሞተች እኔ የማስበው ዶሴ ነበር።

ሰባት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ ሰሚራ ደረሰች። እያለከለከች።

«ዶክተር፣ አንድ ያየሁት ነገር አለ» አለች። «ዛሬ ምሳ ይዤ ስገባ ነጠላቸውን አበባው ውስጥ እየነከሩ ይጠቡ ነበር። የአበባውን ውሃ።»

ዶክተሯ ወደ እኔ ዞረች። «አበባው ምን ተደርጎበታል?»

«ተረጭቷል።»

«ምን?»

«የተባይ መድኃኒት። ስሙን አላውቀውም።»

ዶክተሯ ሮጣ ገባች። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ፈጠነ፣ መርፌው፣ ነርሶቹ። ሃያ አምስት ደቂቃ ዘግይቶ።

ሲረጋጋ ተመልሳ መጣች። ጓንቷን እያወለቀች «አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች። «እናትዎ ለምንድን ነው ከአበባ ላይ ውሃ የሚጠጡት?»

 ሰሚራ መለሰችላት፣ በየዋህነት። «ሐኪም ውሃ ከልክሏቸው ነዋ።»

«የትኛው ሐኪም?»

ሰሚራ አየችኝ። መጀመሪያ መልሱን እንድሰጣት ነበር ያየችኝ። ከዚያ ሌላ ዓይነት አየችኝ።

ጎድጓዳውን ገልብጬው ነበር? አልገለበጥኩትም። ረሳሁት። ችሎቱ አስቸኩሎኝ ረሳሁት።

ታኅሣሥ 26፣ ቅዳሜ

ቱቦው ወጥቶላታል። ትተርፋለች አሉ።

ባሮክ መጣ። ጥሩ ጃኬት ለብሷል፣ ወፍሯል። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እጇን ያዘ።

«እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

ዶክተሯም እዚያው ነበረች። ትናንትም ከትናንት ወዲያም ይህንኑ ጠይቃታለች። እኔ ከአልጋው ግርጌ ቆሜያለሁ። የአልጋውን ብረት ያዝኩ።

እማ እኔን አላየችም። «እኔ ነኝ» አለች። «ሳላውቅ… ነካሁት።»

ዶክተሯ ይህንን ጻፈችና ወጣች። ባሮክ ወደ እኔ ዞሮ «ምን ታደርጊ፣ ሁሉን ነገር መጠበቅ አይቻልም» አለኝ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገ።

ከዚያ እማ ሸሚዙን ጨምድዳ ያዘችው። በዚያች በአንድ እጇ።

«ውሰደኝ።»

«የት እማዬ?»

«ሐዋሳ። ከአንተ… ውሰደኝ።»

ባሮክ ስልኩን አወጣ፣ አየው፣ መልሶ ከተተው። «እማዬ፣ ሙቀቱን አትችይውም እኮ። ቤቱም ጠባብ ነው፣ ባለቤቴም ነፍሰ ጡር ናት… ከፋሲካ በኋላ እናያለን። እዚህ እንዳለች አለችልሽ አይደል? እንደ እሷ የሚንከባከብሽ ከየት ይመጣል?»

ጣቶቿን አንድ በአንድ ነው ከሸሚዙ ያላቀቃቸው። በትሕትና። ለገና እንኳ አይቆይም፣ ነገ ይሄዳል።

ፊቷን አየሁት። ያንን ፊት አውቀዋለሁ፣ በር ላይ የተሰቀለ አንሶላ ሥር ቆሜ እኔ ራሴ ለብሼዋለሁ። ደስ አለኝ። ለአንድ ደቂቃ ብቻ፣ ግን ደስ አለኝ።

ጥር 2፣ አርብ

ቤት ገባን። ሰሚራ ደረጃው ላይ ጠበቀችኝ።

«ቁልፉን ልትመልሽ ነው?» አልኳት።

«አልመልስም። ጠዋትም ቀንም ማታም እገባለሁ። አንቺ ኖርሽም አልኖርሽም።»

«ሰሚራ…»

«እንዳለች፣ ተዪኝ።» እንዱዬ ማለቱ ቀርቷል። «እኚያ ሴትዮ ሁለት ወር ሙሉ ጠማኝ ሲሉኝ ኖሩ። እኔ ደግሞ አይዞዎት፣ ለጤናዎ ነው እላቸዋለሁ። በእኔ እጅ ነው ያስጠማሻቸው።»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ብትጮህብኝ ይሻል ነበር።

ጥር 6፣ ማክሰኞ

ረሳሁት ብዬ ጽፌያለሁ። ታኅሣሥ 16 ላይ፣ በራሴ እጅ። ማንም በማያነበው ደብተር ላይ ለምን ዋሸሁ?

አልረሳሁትም። ያን ጠዋት ባልዲውን አስቀምጬ፣ ጫማዬን አድርጌ፣ ቁልፉን በሩ ውስጥ ከትቼ… ትዝ አለኝ። አልገለበጥኩትም አልኩ። እጄ ቁልፉ ላይ ነበር። ተመልሼ ለመግባት፣ አንስቼ ለመድፋት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ሁለት? ከሰዓት በኋላ አደርገዋለሁ አልኩ። እስከዚያ አትጠጣ ይሆናል አልኩ።

እንደምትጠጣ አይቻለሁ። ሦስት ጊዜ ስትነክር ቆሜ አይቻለሁ።

ቁልፉን አዞርኩት።

እንድትሞት ፈልጌ ነበር? አላውቅም። እንድትኖር መፈለጌንም አላውቅም ነበር። ይሄ ነው እውነቱ፣ ከዚህ በላይ የተሻለ የለኝም።

ጥር 8፣ ሐሙስ

ከእጄ አትጠጣም። ብርጭቆውን ሳቀርብ ጥርሷን ትገጥማለች። በስትሮ ሞከርኩ፣ በማንኪያ ሞከርኩ። አገጯ ላይ ፈሰሰ። ሰሚራ ስትመጣ ትጠጣለች፣ ሙሉ ብርጭቆ። እኔ እያየሁ።

ጥር 20፣ ማክሰኞ

ተክሉ አበበ። ቀዩ መሃል፣ ጎድጓዳው ውስጥ፣ ትንንሽ ሐምራዊ አበቦች። ተባዩ ሞቷል። ከሆስፒታል እንደተመለስን ከአሥር ጊዜ በላይ አጥቤዋለሁ፣ አፈሩንም ቀይሬዋለሁ። ግን ማየት አልቻልኩም።

«ላውጣው?» አልኳት። «ለዱሬሳ ልስጠው?»

«ይቀመጥ።»

«ለምን እማ?»

«እንድታዪው።»

ምላሷን አዘጋጀች። ረጅም ነገር ልትናገር ስትል ጉንጯ ቀድሞ ይንቀሳቀሳል። እኔም ዕድሉን ተጠቅሜ ጠየቅኳት። ቀኑን ሙሉ፣ ሳምንቱን ሙሉ ልጠይቃት እፈልግ ነበር።

«ለዶክተሯ ለምን አልነገርሽብኝም? ለባሮክስ? እኔ መሆኔን ታውቂያለሽ።»

አሁን አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ ጥላቻ ፈለግኩ። የሥራ ሰው ዓይን ነው ያየሁት፣ ያለውንና የሌለውን የሚመዝን።

«ቢያስሩሽ…» አለች። «ማን ያጥበኛል?»

የካቲት 9፣ እሑድ

ሰሚራ ለቅሶ ወልቂጤ ሄዳለች። ከሄደች አራት ቀኗ ነው። እስክትመለስ ከእኔ ሌላ ውሃ የሚሰጣት የለም።

የመጀመሪያው ቀን እስከ ማታ አልጠጣችም። ለመንኳት። አልጋዋ ሥር ተንበርክኬ «እማ በእናትሽ፣ በልደታ ይዤሻለሁ» አልኳት።  ከንፈሯ ደርቆ ነጭ ሆኗል፣ ያም ሆኖ ጥርሷ ገጥሟል። ሁለት ወር ውሃ የከለከልኳት እኔ ነኝ፣ አሁን ጠጪልኝ እያልኩ የማለቅሰውም እኔ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ በጣቷ ብርጭቆውን አመለከተች። ከዚያ እኔን።

«አንቺ» አለች።

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ግማሹን ጠጣሁት።

«ክፈቺ።»

አፌን ከፈትኩ። አንገቷን አስግጋ አየች፣ ከሥሩም ለማየት ምላሴን እንዳነሳ አደረገችኝ። መዋጤን ስታረጋግጥ ትራሷ ላይ ተመልሳ ጠበቀች። የሚሆነኝን ልታይ ነው። ቢያልበኝ፣ ፊቴ ቢዘል፣ አረፋ ቢመጣ።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው። ጠዋት ለሻይ፣ ቀን ለውሃ፣ ማታ ለሾርባ። አንድ ሰዓት ቀድሜ እነሳለሁ፣ የመጠበቂያው ጊዜ እንዲበቃን። ለመሥሪያ ቤት ደግሞ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። አቶ ገብረጊዮርጊስ «እናትን መጦር ትልቅ ጸጋ ነው» ብለው ፈረሙልኝ።

ዛሬ ሦስት ጊዜ አስጠጣችኝ። በሦስተኛው ሆዴ ተነፍቶ ትንፋሽ አጠረኝ፣ አፌን ስከፍት ውሃው ወደ ላይ ሊመለስ ደረሰ። ያኔ በግማሽ አፏ ሳቀች።

አልተቆጣሁም። ወንበሩ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ፣ ፊቴን ወደ ብርሃኑ አዞርኩላት፣ በደንብ እንድታየኝ። እሷም ታየኛለች። በሕይወቴ እንዲህ አስተውላ አይታኝ አታውቅም።

አሥራ አንድ ደቂቃ ጠበቀች። ከዚያ አፏን ከፈተች።